በውሰት የሄደው

አሶሳ፣ የካቲት 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዐወድ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህና ጠየቅሁህ። ወደ ሱዳን፣ ወደ ደማዚን፣ ለአጎታችን ለሱለይማን መጻፍ ነበረብኝ። ወረቀት ካወጣሁ ሁለት ቀኔ ነው፤ መጀመሪያ ላንተ ካልነገርኩህ ለእሳቸው የምጽፈው አልመጣ አለኝ።

ከሄድክ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። እኔና ሙርሳል አሁንም ከገበያው ጀርባ ባለችው ክፍል ነን። እሱ ጠዋት ወጥቶ ጡብ ይጭናል፤ ሲመሽ ይመጣል፤ ይተኛል። እንዳንተ አያንኮራፋም። የሚተኛም አይመስለኝም።

ያን ቀን አንተ ያላየኸው ነገር አለ። ጀርባህን ሰጥተህ ነበርና እኔ ልንገርህ።

የኳስ ዋንጫው ፍጻሜ በተስፋ በርና በኬላ መንደሮች መካከል ነበር። የኛ መንደር ማንጎ ሥር በመጀመሪያው ዙር በተስፋ በር ተሸንፎ ወጥቷል። በዋንጫው ሕግ የተሸነፈ ላሸነፈው አንድ ተጫዋች ያውሳልና አንተን ለተስፋ በር ሠፋሪዎች አዋስናቸው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆነህ የኬላ ልጆች «የውሰት በሬ ሁለት ጊዜ ያርሳል» ሲሉህ፣ «ሣሩ ግን ከናንተ ማሳ ነው» ብለህ መለስክላቸው። እነሱ ራሳቸው ሳቁ።

ሙርሳል ከጎሉ ጀርባ ቆሟል። ሽመል ይዟል። በመጀመሪያው ዙር የተስፋ በሩ ተከላካይ ዋኘው በክርኑ ሁለት የፊት ጥርሱን እንዳወለቀበት ታውቃለህ። ፍጻሜው ካለቀ በኋላ እከፍለዋለሁ ብሎ ሲዝት አንተ ስቀህበት ነበር። ጥርሱ ስለሌለ ዛቻውም ያፏጫል ብለህ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዋኘው እግሩን ይዞ ወደቀ። ተስፋ በር ያለው አሥራ አንድ ማሊያ ብቻ ነው፤ የሚገባው የሚወጣውን አስወልቆ ይለብሳል። አንተ አምስት ቁጥርን ከነላቡ ለበስክ። «ይሄ ሰው የሚታጠበው ሲዘንብ ብቻ ነው» ብለህ አፍንጫህን ይዘህ ገባህ። ከዚያ በኋላ ድምፅህን አልሰማሁም።

ተስፋ በር አገባ። ኬላዎች በእጅ ነው አሉ። ዳኛው እምቢ አለ፤ ሜዳው በሰው ተሞላ። አቧራው ሲነሣ ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ አይታይም ነበር። አንድ ሰው ቀበቶውን ፈትቶ በዘለበቱ ሰው ይገርፋል። የኬላን በረኛ አራት ሆነው ረገጡት። ጆሮው የተነከሰ ሽማግሌ ደሙን በነጠላው ይዞ እየተሳደበ አለፈኝ። አንተን ስፈልግ የተስፋ በርን አረንጓዴ ማሊያ አየሁና ወደዚያ ሮጥኩ።

ሙርሳል ቀደመኝ። ሽመሉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ያየው አምስት ቁጥርን ነው። ስትቀየሩ እሱ ከሌላኛው ጫፍ ከኬላ ልጆች ጋር ይጨቃጨቅ ነበር፤ አላየም። አንዴ መታ። ድምፁን ሰማሁት፤ የደረቀ ቅል ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ነው። ሊደግም ሲያነሣ አንተ ዞረህ ወደቅህ። ፊትህን አየ።

ሽመሉን ጥሎ በጀርባው አዘለህ። እስከ ጤና ጣቢያው ሮጠ። ደምህ በአንገቱ ገብቶ በሸሚዙ ሥር ወርዶ በእግሩ ይንጠባጠብ ነበር፤ እኔ ከኋላ የሮጥኩት በዚያ ላይ ነው። መንገድ ላይ አንዴ «ቀስ» እንዳልከው ይናገራል። እኔ አልሰማሁም።

ከኔ ሌላ ያየ የለም። የመንደራችን ሰዎች አዋስናቸው ሬሳ መለሱልን እያሉ ነው። በማሊያው ለሞተ ሰው ደሙ በባለማሊያው ነው ይላሉ። ዋኘው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በድንጋይ መልሰውታል። ሙርሳል ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማ። እኔም ሰማሁ።

ለአጎታችን ምን ብዬ ልጻፍ? ሙርሳል ልጃቸው ነው።

ወንድምህ ኻሚስ


ደማዚን፣ መጋቢት 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለልጄ ለኻሚስ። አላህ ያጽናህ። እናትህ ብኸይታ እንዴት ነው? ይበላል? ይተኛል? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ያመኛል። አማርኛዬ ዝጓል፤ እዚህ የሚያናግረኝ የለም፤ አትሳቅብኝ።

የዐወድን ነገር ከሰሊጥ ጫኝ ሾፌር ሰማሁ። ካንተ ደብዳቤ አልደረሰኝም። ጽፈህ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አላህ ይርሐመው። ለእናትህ ስኳርና አንድ ጣቃ ጨርቅ፣ ለሰደቃ የሚሆን ጥቂት ብር በዚህ ሾፌር ልኬያለሁ። ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ አይበላም።

ልጄ፣ ያንን ዋንጫ ያቋቋምነው እኔና የተስፋ በሩ የእርሻ ባለሙያ ነን። ሠፋሪዎቹ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በውሃ ይጣላሉ፣ በከብት ይጣላሉ፤ ኳስ ይጫወቱ ተባለ። ዋንጫው የአልሙኒየም ጆግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተሸናፊው አሸናፊውን እስከ ወንዙ አሳደደ፤ ዳኛው ጎተራ ውስጥ አደረ። ሦስት ሰው ተወጋ። በሁለተኛው ዓመት ውሰቱን እኔ አመጣሁ። የተሸነፈ ላሸነፈው ልጁን ያውስ አልኩ፤ ልጁ ባለበት ማንም ድንጋይ አይወረውርም አልኩ። ሽማግሌዎቹ በቁርኣንም በመስቀልም ማሉልኝ። ጦርነቱ መጥቶ እኔ እስክወጣ ድረስ አንድ ውሰት የሄደ ልጅ አልተነካም።

አሁን የምለምንህ ብር ወይም ዕቃ አይደለም። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ዋንጫው እንዴት እንደሄደ ዓመት በዓመት ጻፍልኝ። ማን ማንን አሸነፈ፣ ማን ማንን መታ። ቂሙ ከየት እንደመጣ እዚያ ውስጥ አገኘዋለሁ። መጨረሻ ላይ የመታውን ሰው ስም ጻፍልኝ።

ሙርሳል አብሮ ነበር አሉኝ። ወንድሙ ተገድሎ ምን ይጠብቃል? ይህን አንብብለት።

አጎትህ ሱለይማን


አሶሳ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሱለይማን፣

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ጤና ይስጥዎት፤ ወገብዎን ያሽርልዎት። የላኩት ደርሷል። እናቴ ጨርቁን አልሰፋችውም፤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርት ነበር።

የዋንጫውን ነገር ከትልልቆቹ ጠይቄ ጻፍኩልዎ።

በ1982 እና በ1983 ጨዋታ አልነበረም። ጆጉ ቤት ውስጥ እንደተሰቀለ ጥይት በሁለት በኩል በስቶታል። በ1984 እንደገና ሲጀመር ቀጥቃጩ ከመድፍ ቀለህ አዲስ ዋንጫ ሠራ፤ ሁለት ጆሮ አበጀለት። ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይነሣም። ስምንት መንደር ገባ። በፍጻሜው ኬላ ማንጎ ሥርን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ዳኛው ዋንጫውን ሲሰጥ የኬላው አምበል አንድ ጎል ሽረህብኛል ብሎ በዚያው ዋንጫ አገጩን መታው። ዳኛው እስከ ዛሬ ሥጋ አያኝክም። ዋንጫው ጎድጉዷል፤ አላቃኑትም።

በ1985 ተስፋ በር በግማሽ ፍጻሜ ኬላን በመለያ ምት ጣለ። ኬላዎች ያዋሱት ልጅ የፍጻሜው ዕለት ማሊያውን እንደለበሰ ጠፍቶ ወደ ቤቱ ገባ። ተስፋ በር ያለው አሥራ አንድ ማሊያ ብቻ ነው። ተስፋ በሮች ማሊያችን ተሰረቀ ብለው ገጀራ ይዘው ሄዱ። የልጁ አባት በሩ ላይ ሁለት ጣቱን አጣ። ኬላዎች ደግሞ ሲመሽ የተስፋ በርን የማሽላ ክምር አቃጠሉ። ተስፋ በር ፍጻሜውን በአሥር ሰው ተጫውቶ በማንጎ ሥር ተሸነፈ። ጎሉን ያገባው ዐወድ ነው። ዋንጫው በማሽላ ጠላ ተሞልቶ መንደሩን ዞረ። የኛ ሽማግሌዎች ዕቃው ረከሰ ብለው ሰባት ጊዜ አሳጠቡት። ዐወድ በጣም ሳቀ።

ዘንድሮ በመጀመሪያው ዙር ተስፋ በር እኛን አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ሙርሳል ሁለት ጥርስ አጣ። ዐወድን አዋስን። ፍጻሜው ላይ በእጅ ገባ በተባለ ጎል ኬላዎች ሜዳ ገቡ። ዐወድ በዚያ መካከል ነበር። ብዙ አቧራ ነበር።

ሙርሳል ደህና ነው። ይሠራል። ደብዳቤዎን እስካሁን አላነበብኩለትም፤ ሲደክመው ነው የሚመጣው።

ታዛዥ ልጅዎ ኻሚስ


ደማዚን፣ ግንቦት 22 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለኻሚስ። ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የዳኛውን አገጭ ጻፍክልኝ። የሰውዬውን ጣት ጻፍክልኝ። የተቃጠለውን ማሽላ ጻፍክልኝ። ወንድምህ ጋ ስትደርስ አቧራ ነበር አልክ። ልጄ፣ እኔ ደብዳቤ ማንበብ አውቃለሁ። ያየኸውን ነው የደበቅከው። ፈርተህ ነው፤ ልጅ ነህ፤ አልፈርድብህም።

ስሙን እኔ አግኝቻለሁ። ዋኘው ይባላል፤ ተስፋ በር ወፍጮ ቤት ይሠራል። ማሊያውን ለልጃችን አልብሶ ራሱ ከሜዳ ወጣ። ለምን ወጣ? ሾፌሩም ይህንን ነው የሚለው፣ ከማንጎ ሥር የመጣ ሁሉ ይህንን ነው የሚለው። ተስፋ በር ልጃችንን ተውሶ በእጁ ላይ ገድሏል። ውሰቱን ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ የፈረሰበትን የማስከፍልም እኔ ነኝ።

ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ። መሣሪያ አላቸው። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ ድንበሩን በኩርሙክ አልፈን እንገባለን። ሙርሳል ቤቱን ያሳየናል። ሰውዬው ብቻውን ካልሆነ ከእሱ ጋር ያለውም ያልቃል፤ እኔ መርጬ አልተኩስም።

ካንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። አዎ በለኝ፤ ወይም አይደለም በለኝ። ዝም ካልክ አዎ ነው ብዬ እመጣለሁ።

ሱለይማን


አሶሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሱለይማን፣

አላህ ልብዎን ያስፋልዎት። ይህን ሲያነቡ ተቀምጠው ያንብቡ። ደብዳቤውን በእጁ የሰጠዎት ልጅ ፊትዎ ቆሟል። አንብበው እስኪጨርሱ አይመልከቱት።

አይደለም። ዋኘው አይደለም።

የመታው ሙርሳል ነው። ጥርሱን ላወለቀው ሰው ባዘጋጀው ሽመል አምስት ቁጥርን ከኋላ መታ። ማሊያው የዋኘው ነበር፤ ጭንቅላቱ የዐወድ ነበር። መቀየራቸውን አላየም። እኔ በአሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ። ብጮህ ይሰማኝ ነበር ወይ ብዬ በየቀኑ አስባለሁ፤ አልጮህኩም። ጊዜውም አልነበረም።

አራት ወር አብረን ስንኖር አንድም ቀን ስለዚያ አላወራንም። ያየሁት መሆኑን ያውቃል። ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠን ገንፎ ከአንድ ሳሕን እንበላለን። አንዳንድ ቀን እጁን እያየሁ ማንኪያውን ዓይኑ ውስጥ ልሰካው ይዳዳኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ እሱ ባይመጣስ ብዬ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ሁለቱንም ደብዳቤዎችዎን ትናንት አነበብኩለት። እንደሚያውቁት ትምህርት ያቆመው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉ ጠፍቶበታል። ሁለተኛውን ስጨርስ ከመጀመሪያው ደብዳቤ «ምን ይጠብቃል» የሚለውን ድገምልኝ አለኝ። ደገምኩለት።

«ጻፍላቸው» አለ።

«ምን ብዬ?»

«እንዳየኸው። እኔ እወስደዋለሁ።»

አባትህ ሊገድሉህ ይችላሉ አልኩት። ሁለቱ ሰዎችም አሉ አልኩት። ወደ ሌላ አገር ሂድ፤ እኔ «አይደለም» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ፤ ስም አልጽፍም አልኩት። ብዙ ለመንኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ዋኘውን ልገድል አንዴ ሞክሬ ዐወድን ገደልኩ» አለኝ። «ሁለተኛ አልሞክርም።»

ዛሬ ማንጎ ሥር ሄዶ እናቴ እግር ላይ ወደቀ። እሷ እርስዎን ለመጠየቅ ብቻ የሚሄድ መስሏት የተቆላ ኦቾሎኒ ቋጥራ ሰጠችው። ከእናቱ ሞት ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናትና አልነገራትም፤ አልቻለም። እኔም አልቻልኩም።

አጎቴ፣ ወንድሜ ሞቷል። ሙርሳልንም ከገደሉት ሌላ ወንድም የለኝም። የምለምንዎ ይህንን ነው። ሌላ ምንም አይላኩልኝ።

ኻሚስ


ደማዚን፣ ነሐሴ 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለኻሚስ። የአላህ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን።

መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ነበር። ይህ ደብዳቤ የሚመጣው በእግረኛ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም።

ልጁ መጣ። ደብዳቤህን ሰጠኝ። ተቀመጥ አልከኝ እንጂ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አትመልከተው ያልከውንም አልሰማሁህም። ከመካከል ላይ ስደርስ የበሩን መወርወሪያ አንሥቼ መታሁት። አልሸሸም። እጁንም አላነሣም። ሦስት ጊዜ መታሁት፤ ግራ ክንዱ ተሰበረ፤ ቅንድቡ ተተረተረ። አራተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ላወርደው ነበር። የጭንቅላቱን ጀርባ አየሁ። እዚያ ነው ዐወድን የመታው፤ አይደል? እጄ እላይ ቀረ።

የክንዱን አጥንት ራሴ ነኝ ያሰርኩት። ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። በቀን ሁለት ቃል እንነጋገራለን። ሁለቱን ሰዎች መለስኳቸው፤ ለመመለስም ዋጋ ጠየቁኝ።

ከእኔ ጋር ይኖራል። ወደዚያ አይመለስም። ለእናትህ ለብኸይታ ንገረው አልልህም፤ አትንገረው አልልህም። እኔ ሽማግሌው ሰውዬ የማላውቀውን አንተን ልጁን እንዴት ልዘዝህ?

ውሰቱን በልጆቻችሁ ጭንቅላት ላይ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ። ዋንጫውን ቀጥቃጩ ያቅልጠው።

ሙርሳል አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለ፤ እሱ መጻፍ አይችልም። እሱ በሄደ ማግሥት ጠዋት፣ ብቻህን ስትነሣ፣ ምን አደረግክ? በሌሊት እየተነሣ ይህንን ነው የሚለኝ።

ሱለይማን


አሶሳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዐወድ፣

አጎታችን በማግሥቱ ጠዋት ምን እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። ፈተና ተፈተንኩ ብዬ ጻፍኩላቸው። ውሸት አይደለም። የቀረውን ግን እሳቸውም ሙርሳልም አያውቁትም። ላንተ ነው የምነግርህ፤ አንተ ለማንም አትናገርም።

ሰኔ 5 ነበር። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ክፍሏን ጠረግሁ። የጠረግሁት አቧራ ስለነበር አይደለም። ከዚያ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ በሸሚዜ ውስጥ አድርጌ ወደ ተስፋ በር ሄድኩ። አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። ዋኘው ከአራት ወር ወዲህ ከግቢው አይወጣም፤ ወፍጮውንም ትቶታል ይሉ ነበር። የኛ ሰዎች እንደሚመጡበት ያውቃል። አሁን እንደማይመጡ የሚነግረው ሰው የለም። እኔ ልንገረው ብዬ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተጣራሁ። መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።

«ከነማን ጋር ነው የመጣኸው?» አለኝ።

ብቻዬን ነኝ አልኩት። ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ፤ የማሽላውን ማሳ አየ። እኔ ያንተ ወንድም መሆኔን ሲያውቅ መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ነገርኩት። ሙርሳል እንደሆነ፣ ማሊያውን አይቶ እንደሆነ፣ ዱላው ለእሱ እንደነበረ። አሁን ውጣ፤ ወፍጮህን ሥራ፤ የሚነካህ የለም አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ለእኔ እንደነበረ አውቃለሁ» አለ።

አልገባኝም። ግንድ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ከጎሉ ጀርባ ሽመሉን ይዞ ቆሞ አየሁት። እግሬን አላመመኝም ነበር፣ ኻሚስ። ፈርቼ ነው የወደቅኩት።»

«ለዐወድ ነገርከው?»

«አልነገርኩትም። ሙርሳል የአጎቱ ልጅ አይደለም? ባዋሱት ልጅ ላይ ማን እጁን ያነሣል ብዬ ነው።»

ከዚያ መጥረቢያውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። አንገቱን አቀርቅሮ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ላብ ነበር፤ አንዲት ዝንብ ላቡ ላይ አርፋ ትሄድ ነበር፤ አላባረራትም።

መጥረቢያውን አነሣሁት። ወንድሜ፣ ላንተ አልዋሽም፤ አነሣሁት። እጀታው ከእጁ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር። ትከሻዬ ላይ አደረስኩት። ሙርሳልን አራት ወር ሙሉ ያላደረግሁትን በዚህ ሰው ላይ ላደርገው ነበር፤ እንዳይቀርብኝ ያህል ተቻኮልኩ። ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ማንጎ ሥር በእልልታ ይቀበለኝ ነበር።

ከቤት ውስጥ ሴት ልጅ «ማነው እሱ?» ብላ ተጣራች። ዋኘው «እንግዳ ነው» አላት።

መጥረቢያውን ከጎኑ ግንዱ ላይ ሰካሁት። በጣም ጠልቆ ገባ። እኔም ልንቅለው አልችልም ነበር። ከግቢው ወጣሁ። እስከ ድልድዩ ድረስ ተራመድኩ፤ ከድልድዩ ወዲህ ሮጥኩ።

የሒሳብ ፈተና ነበር። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ። መምህሩ እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ግባ አለኝ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ የአባቴን ስም ጻፍኩ፤ ክፍሌን ጻፍኩ። እጄን በሸሚዜ ጠርጌ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራሁ።

ኻሚስ